የመሸበት ሞተረኛ ድንኳን

ድንኳን ልገዛ ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ተጠቅልሎ ስንት ሴንቲ ሜትር ይሆናል? አብዛኛው ሰው ክብደቱን ይነግረኛል። ስንት ሰው እንደሚያስተኛ ይነግረኛል። ዋጋውንማ ሳልጠይቅ ይነግረኛል። ርዝመቱን የሚያውቅ ግን እምብዛም ነው። በእግሩ ለሚጓዝ ሰው ክብደት ይቀድማል፤ የሚሸከመው ትከሻው ነውና። በመኪና የሚሄድ ሰው ስለ ሁለቱም አይጨነቅም። በሞተር ለሚሄድ፣ ያውም በወሎ መንገድ ለሚሄድ፣ ርዝመት ይቀድማል ባይ ነኝ። ሁለተኛው ሲተከል የሚይዘው መሬት ነው። ክብደት ከነዚህ በኋላ ይመጣል።

ይህን ቅደም ተከተል ያስያዘኝ መንገዱ ነው። እዚህ አብዛኞቻችን የምንነዳው ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያለውን ሞተር ነው። ቦክሰር፣ ቲቪኤስ፣ አንዳንዱ የመሥሪያ ቤት ያማሃ። ከኋላ ያለው የዕቃ መጫኛ ብረት ጠባብ ነው፤ ከአንድ ስንዝር ብዙም አያልፍም። እዚያ ላይ 60 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ጥቅል በአግድም ብታስሩ ግራና ቀኙ አየር ላይ ይንጠለጠላል። አስፋልት ላይ ምንም አይልም። ኮረኮንች ሲጀምር ግን ጫፎቹ መዝለል ይጀምራሉ። ማሰሪያው ይላላል። አንዱ ጫፍ ወደ ታች ያዘነብላል። ከታች ደግሞ ማርሚታው አለ። የድንኳን ጨርቅ ናይለን ወይም ፖሊስተር ነው። ከ220 እስከ 260 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይቀልጣል፤ ከዚያ በታችም ይኮማተራል። ዳገት ሲወጣ የዋለ ማርሚታ ጨርቅ ለመብሳት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

በቁመት ብናስረውስ የሚል ይኖራል። ያኔ ወገባችሁን እየገፋ ወደ ታንከሩ ያስጠጋችኋል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ የነዳ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግን ከ600 ሜትር በላይ ያወርዳል። ቁልቁለት ላይ ሰውነት ወደ ኋላ መሸሽ አለበት። ዳገት ላይ ወደ ፊት። ኮርቻው ላይ መንቀሳቀሻ ከሌላችሁ ከሲኖትራክ ኋላ እየተከተላችሁ ያንን ጥምዝ መውረድ ያደክማል።

ከዋናው መንገድ ወጥታችሁ ወደ መንደር ስትታጠፉ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። መግቢያው ግራና ቀኙ ቁልቋል ነው፤ አጋም ነው፤ ቀጋ ነው። ከጉልበታችሁ አልፎ የወጣውን ሁሉ እሾህ ይነካዋል። ስለዚህ እኔ የማውቀው ልክ 45 ሴንቲ ሜትር ነው። 40 ከሆነ ደግሞ እሰየው፤ የጎን ቦርሳ ውስጥም ይገባል።

ድንኳንን የሚያስረዝመው ጨርቁ አይደለም። ጨርቅ እንደፈለጋችሁት ይጠቀለላል። የሚያስረዝመው ዘንጉ ነው። ዘንጉ በቁርጥራጭ ተሠርቶ በውስጡ ላስቲክ ገመድ ያልፍበታል፤ የአንዱ ቁራጭ ርዝመት የጥቅሉ ርዝመት ይሆናል። ርካሾቹ ላይ ቁራጩ 60 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የተሻሉት ላይ ከ40 እስከ 50 ነው። ለብስክሌት ተጓዦች ተብለው የሚሠሩት ደግሞ ወደ 30 ይወርዳሉ። ቢግ አግነስ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንዲህ ያለ ዘንግ ያላቸው ድንኳኖች አሉት። ዋጋቸው ለኛ ኪስ ከባድ ነው። ግን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው ምን ብሎ እንደሚያዝ ይወቅ ብዬ ነው።

ከዘንግ ሳንወጣ፣ ገበያ ላይ በርካሽ የሚገኘው ድንኳን ዘንጉ ብዙውን ጊዜ ፋይበርግላስ ነው። ይከብዳል። ሲሰበር ይሰነጠራል፤ ስንጥሩም እጅ ውስጥ ይገባል። አሉሚኒየም ይጎብጣል እንጂ እንዲያ አይሰነጠርም። ቢሰበር እንኳ ከዘንጉ ትንሽ የሚሰፋ ቁራጭ ቱቦ ስብራቱ ላይ አልፋችሁ በፕላስተር ብትጠቀልሉት ለጊዜው ይይዛል። አሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠሩ ቤቶች እንዲህ ያለ ቁራጭ አያጡም። አንዱን በጣት ርዝመት አስቆርጦ ከድንኳኑ ጋር ማኖር ነው።

ስትለቁት ብድግ ብሎ ራሱ የሚዘረጋ ድንኳንም አለ። ያምራል፤ ልጆች ይወዱታል። ሲታጠፍ ግን እንደ ሰፌድ ሰፊ ክብ ይሆናል። ለሞተር አይሆንም። ሞተሩን ጭምር የሚያስገባው ትልቁ ድንኳንም አይሆንም። ከ5 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ሲተከል ደግሞ የአንድ ክፍል ቤት ያህል መሬት ይፈልጋል። ያን ያህል መሬት ወሎ ላይ ማን ያስነካችኋል?

ስለ መሬቱ ትንሽ ልቆይ። በሰው አገር የድንኳን ጽሑፍ ሳነብ ሁልጊዜ ጫካና ባዶ ሜዳ ነው የሚታሰበው። ሰው የሌለበት ቦታ። ወሎ ላይ ሰው የሌለበት ቦታ ገደል ነው። ሜዳው ሁሉ ባለቤት አለው፤ ወይ ታርሷል፣ ወይ የግጦሽ ነው። ለእንግዳ የሚተርፈው ጠርዙ ነው። የእርከን ጫፍ፣ የአጥር ሥር፣ የአውድማ ዳር። አውድማ ደግሞ ጥሩ ነው። ደልዳላ ነው፤ ድንጋዩ ተለቅሟል። ከኅዳር እስከ ጥር ግን እህል ይወቃበታልና አትጠይቁ። ውቂያው ካለቀ በኋላ ፈቅደው ይሰጧችኋል።

ስለዚህ ድንኳኑ ትንሽ መሬት የሚበቃው መሆን አለበት። ባለ ሁለት ሰው የሚባለው፣ ወርዱ 1.3 ሜትር፣ ቁመቱ 2.2 ሜትር ገደማ የሆነው፣ ለአንድ ሰውና ለዕቃው ልክ ነው። ሄልሜትና ጃኬት ደጅ አያድሩም። ባለ ሦስት ሰው ምቾቱ ጥሩ ነው። እርከን ላይ ግን ግማሹ ገደል ላይ ይቀራል። መውጫና መግቢያው በጎን ቢሆን ይመረጣል፤ አጥር ሥር ሲተከል ከራስጌ የሚወጣ ድንኳን ያስቸግራል።

አንድ ምሽት ላሳያችሁ። ደላንታ ላይ ነው፤ ከባሽሎ ሸለቆ ወጥቼ ወደ ወገልጤና ሳልደርስ መሸብኝ። ቀን በማላውቀው መንገድ ላይ በማታ አልነዳም። ከመንገድ ዳር ወደ አንድ ግቢ ጠጋ አልኩ።

«ቤቶች! የመሸበት እንግዳ ነኝ።»

«ቤት የእግዜር ነው፤ ግባ» አሉ እናትየዋ ከውስጥ።

ድንኳን እንደያዝኩ፣ የምፈልገው ትንሽ ቦታ ብቻ እንደሆነ ስነግራቸው ቅር አላቸው።

«ምነው ልጄ፣ ምን አጎደልንብህ? ቤት እያለ ደጅ ይታደራል?»

«እትየ፣ እናንተን ላለማጣበብ ነው። ከግቢው አልወጣም።»

«ጅቡስ?» አሉ አባወራው።

«አንቱ ካጥሩ ውስጥ ካስጠጉኝ ጅብ የት ያገኘኛል?»

ሳቁ። ስምምነታችን እንዲህ ሆነ። እራት ቤት ውስጥ፣ ቡና ቤት ውስጥ፣ እንቅልፍ ድንኳን ውስጥ። ከዚያ ወዲህ ሁሌም የማደርገው ይኼንኑ ነው። መጀመሪያ ገብቶ መቀመጥ። የቀረበውን መቅመስ። ድንኳኑ ከሞተሩ የሚወርደው ከቡናው በኋላ ነው። ሰው ደጅ ደርሶ ከሰላምታ በፊት ድንኳን መዘርጋት ነውር ነው። በእስልምና ተከታይ ወዳጆቻችን ግቢም ያው ነው፤ «አብሽር፣ ቤትህ ነው» ብለው ያስገቧችኋል፤ ቡናው ሦስተኛው ላይ ሳይደርስ መነሳት የለም።

አባወራው ፋኖስ ይዘው ወጡ። በበረቱና በጭድ ክምሩ መካከል ያለውን ቦታ በእግራቸው ለኩት። ጫማቸውን ተረከዝ ለጣት እያገጣጠሙ ነው የለኩት። ከዚያ የድንኳኑን ወለል ዘርጋው አሉኝ፤ ዘረጋሁት። አንድ ክንድ ተረፈ። ዘንጉን ሳወጣ ቁራጮቹ በላስቲኩ እየተሳቡ ቀጭ ቀጭ ብለው ገጠሙ። ትንሹ ልጅ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ነበር። አንዱን መገጣጠሚያ ነቅሎ መልሶ ገጠመው። እንደገና ነቀለው። ሌሊቱን ሙሉ ቢተውለት የሚሰለቸው አልመሰለኝም።

ካስማ መትከል ስጀምር አባወራው እጄን ያዙኝ።

«አይገባም፤ ሥሩ ዓለት ነው። ድንጋይ ላምጣልህ።»

አራት ድንጋይ አመጡ። አውታሮቹን ከድንጋዩ ጋር አሰርናቸው። የትልቁ ምክሬ ምክንያት ይኼ ነው። ወሎ ደጋው ላይ አፈሩ ስስ ነው፤ ከሥሩ ጥቁር ድንጋይ አለ። ቆላማውና መረሬው ላይ ደግሞ በበጋ መሬቱ ይሰነጠቅና ካስማው የሚይዘው ያጣል። በክረምት ጭቃው ይውጠዋል። ስለዚህ ያለ ካስማ በራሱ የሚቆም ድንኳን ምረጡ። ሁለት ዘንግ ተሻግረው ጉልላት የሚሠሩበት ዓይነት። በመሄጃ ዱላ የሚቆመው ቀላል ድንኳን ክብደቱ ያጓጓል፤ ካስማ ካልያዘለት ግን ጨርቅ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚያዘው የናቸርሃይክ ክላውድ አፕ ደግሞ በመካከል ነው። ዘንጉ እንደ ሹካ ተከፍሎ የተሠራ ስለሆነ ራስጌው በራሱ ይቆማል፤ የግርጌው ሁለት ማዕዘን ግን መወጠር ይፈልጋል። በድንጋይ ከተወጠረ ይሠራል። ቀላልና አጭር ስለሆነ ለብዙዎቻችን የሚደረስበትም እሱ ነው።

አውታሮቹ ላይ ነጭ ጨርቅ እሰሩበት። ማለዳ ከብት ሲወጣ በሬ ገመድ አያይም። አህያም አታይም። ግቢ ውስጥ ያለ ድንኳን ትልቁ አደጋው ይኼ ነው እንጂ ጅብ አይደለም።

ቀለም ሌላው ነገር ነው። ውጭ አገር ተደብቀው ለማደር ስለሚፈልጉ ቅጠልያና ቡናማ ይመርጣሉ። እኔ አጥብቄ የምለው የወታደር ልብስ የሚመስል ድንኳን ወደ ወሎ ይዛችሁ አትምጡ ነው። ይህ ሕዝብ ከጦርነት ወጥቶ ገና ያላረፈ ሕዝብ ነው። ዝንጉርጉር ሸራ አጥር ሥር ሲያይ ልቡ ይደነግጣል፤ ቢደነግጥም እውነቱን ነው። መደበቅ አያስፈልግም። መታየት ነው የሚያስፈልገው። ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ይሁን። ነጭም አልመክርም። እኛ ዘንድ ነጭ ድንኳን ግቢ ውስጥ ከታየ ወይ ሠርግ ነው ወይ ለቅሶ። ሠርጉን ሰው ቀድሞ ያውቀዋል። ስለዚህ ጎረቤት «ማን ሞተ?» ብሎ እየሮጠ ይመጣል። የሰው ልብ በዚህ መነካት የለበትም።

ድንኳን ራሱ ለወሎ እንግዳ አይደለም። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤውን የጠሩት ከደሴ አፍንጫ ሥር ቦሩ ሜዳ ላይ ነው። የውጫሌ ውል በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ምኒልክ ውጫሌ በሰፈሩበት ጊዜ ነው። መንግሥት ከነግምጃ ቤቱ በድንኳን ይዞር የነበረበት ዘመን ነው። ዛሬም መስከረም 21 ግሸን ማርያም ስትነግሥ ተራራው ላይ የሚያድረው ሕዝብ ላስቲክና ሸራ ወጥሮ ነው። በሞተር ጀርባ የሚታሰረው ትንሹ ድንኳን ብቻ ነው አዲሱ።

አሁን ወደ ብርዱ። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ 2,500 አካባቢ ናት። ጉጉፍቱ ከ3,000 ያልፋል። ጠዋት ኮምቦልቻ በሸሚዝ ማኪያቶ የጠጣ ሰው ማታ ጉጉፍቱ ቢያድር በከፍታው ብቻ ሰባት ስምንት ዲግሪ ይቀንስበታል። ጥርት ያለ የታኅሣሥ ሌሊት ከሆነ ውርጩ ከዚያ ይብሳል። በሞተር የግማሽ ቀን መንገድ ነው ይኼ። ሌላው አገር ወቅት እስኪቀየር የሚጠብቁትን ለውጥ እኛ በአንድ ታንከር ቤንዚን እናገኘዋለን።

የድንኳን ምርጫችንን የሚያከብደውም እሱ ነው። ቆላው መረብ ይፈልጋል። ባቲ፣ ከሚሴ፣ ሐርቡ፣ መርሳ ወባ ያለባቸው ቦታዎች ናቸው። ከ2,000 ሜትር በታች የሚያድር ሰው ቢምቢ የማያስገባ ጥቅጥቅ ያለ መረብ ያስፈልገዋል፤ ይህ የምቾት ጉዳይ አይደለም። ዙሪያው መረብ የሆነ ድንኳን ታዲያ ባቲ ላይ ገነት ነው። ጉጉፍቱ ላይ ግን ነፋሱ በውጭው ልባስ ሥር ገብቶ በመረቡ በኩል ፊታችሁ ላይ ይተነፍሳል። ሙሉ በሙሉ ጨርቅ የሆነው ደግሞ ደጋው ላይ ይሞቃል፤ ሐርቡ ላይ ያፍናል። የእኔ ምርጫ ከወገብ በታች ጨርቅ፣ ከወገብ በላይ መረብ የሆነው ነው። ግቢ ውስጥ ለሚያድር ሰው ገመናውንም ይሸፍንለታል። ልጆች በዙሪያችሁ ቆመው ሳለ ሙሉ መረብ ውስጥ ልብስ መቀየር አይቻልም።

ባለ አንድ ልባስ ድንኳን ርካሽም ቀላልም ነው። ለደጋ ግን አይሆንም። ያልበዋል። ሌሊቱን ሙሉ የምንተነፍሰው እርጥበት ቀዝቃዛው ጨርቅ ላይ ሲደርስ ውሃ ይሆናል፤ ንጋት ላይ ጋቢያችሁ ላይ ይንጠባጠባል። ባለ ሁለት ልባሱ ላይ ውሃው የውጭኛው ጨርቅ ላይ ይቀራል፤ እናንተ ከውስጠኛው ሥር ትደርቃላችሁ። ሁለቱ እንዳይነካኩ አውታሩን ጥብቅ አድርጎ መወጠር ነው። ሐይቅ ዳር ስታድሩም ከውሃው ራቅ፣ ከፍ ብላችሁ ትከሉ። ቀዝቃዛ አየር ወደ ዝቅታ ይወርዳል፤ ጤዛውም እዚያው ይበረታል። ትንሽ ከፍ ማለት ብዙ ይለውጣል።

ብርዱ ሲጸና ከሰል በማንደጃ ወደ ድንኳን የሚያስገባ ሰው ይኖራል። ባለቤቶቹም በደግነት ሊያመጡላችሁ ይችላሉ። አመስግናችሁ መልሱ። የከሰል ጭስ አልባው መርዝ በትንሽ ድንኳን ውስጥ ሰው ይገድላል። ሽታ የለውም፤ አያስነቃም። ይልቅ ከሥር ያለውን ብርድ ቁረጡት። ስስ የስፖንጅ ፍራሽ፣ ከላዩ ባና ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ። መሬቱ ከአየሩ በላይ ሙቀት ይወስዳል።

ጨርቁ ላይ አንድ ቁጥር ትፈልጋላችሁ። ውሃ የመቋቋም አቅሙ በሚሊ ሜትር ይጻፋል። ጨርቁ ላይ የውሃ ዓምድ ይቆምበታል፤ ማሳለፍ እስኪጀምር የተሸከመው ቁመት ነው ቁጥሩ። ለላይኛው ልባስ 1,500 ይበቃል፤ 2,000 ወይም 3,000 ቢሆን ልብ ያሳርፋል። ወለሉ ከዚያም ከፍ ይበል፤ ጉልበትና ክርን ሲጫነው ውሃ ከሥር ይገፋልና። ወሎ ላይ ዝናብ የክረምት ብቻ አይደለም። በልግም አለ፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት። ደጋው ላይ በልግን ጠብቆ የሚያርስ ገበሬ ብዙ ነው። በበልግ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ባንድ አፍታ ይጠቁርና በረዶ ይጥላል። እንደ ፈረንጅ መጽሔት «ደረቅ ወቅት» ብላችሁ ስስ ድንኳን ይዛችሁ አትምጡ።

ናይለን ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ሲረጥብ ግን ይለጠጥና ይረግባል። ሌሊት ተነስታችሁ አውታር ታጠብቃላችሁ። ፖሊስተር ትንሽ ይከብዳል፤ ግን አይረግብም፤ ፀሐይንም የተሻለ ይችላል። ፀሐዩ ቀላል ነገር አይደለም። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ጨርቅ የሚበላው ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በዚህ ምክንያት ለደጋ ፖሊስተር እመርጣለሁ። የጥቂት መቶ ግራም ልዩነት ሞተሩ አይሰማውም።

ያገለገለ ድንኳን የምትገዙ ከሆነ ከሱቁ ሳትወጡ ገልብጣችሁ እዩት። ስፌቱ ላይ ከውስጥ በኩል የተለጠፈ ስስ ጥብጣብ አለ። ጥፍራችሁን አሳልፉበት። ከተነሳ፣ በዚያ በኩል ውሃ ይገባል። ወለሉን በመዳፍ ዳብሱት። ከተጣበቀባችሁና ኮምጠጥ ያለ ሽታ ካለው ውሃ መከላከያ ቅቡ አልቋል ማለት ነው። እርጥቡን ተጠቅልሎ የከረመ ድንኳን እንዲህ ይሆናል። ስለዚህ ጠዋት ለመሄድ ብትቸኩሉ እንኳ፣ እርጥቡን ጭናችሁ ቀን ምሳ ላይ ስትቆሙ ዘርጉት። የወሎ የቀትር ፀሐይ አንድ ሻይ እስኪጠጣ ያደርቀዋል።

ጭነቱን በተመለከተ ውድ ቦርሳ አላወድስም። ድንኳኑን በራሱ ከረጢት፣ ከዚያ በወፍራም ላስቲክ፣ ከላይ በማዳበሪያ ከረጢት። ማዳበሪያው ከኮረኮንቹ ፍትጊያና ከእሾህ ይጠብቀዋል፤ ዓይን ውስጥም አይገባም። ማሰሪያው ከመነዳሪ ነው። ጎሚስታዎች ያረጀ ከመነዳሪ በረጅሙ ቀድደው ይሰጧችኋል። ተለጥጦ ይይዛል፤ መንገዱ ሲያንገጫግጭ አይላላም። ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ ወደ እናንተ ይጠጋ። ድንኳኑ ቀላሉ ስለሆነ ከላይ፣ ከኋላ ይሁን። ማርሚታ ባለበት ጎን ምንም አይንጠልጠል።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ዛሬ የምጽፈው መንገድ ሁሉ ነገ ክፍት ይሆናል ማለት አይደለም። ሞተር እንዳይንቀሳቀስ የሚከለከልበት ጊዜም አለ። ከመነሳታችሁ በፊት መናኸሪያ ሄዳችሁ ከዚያ አቅጣጫ የመጣ ሹፌር ጠይቁ። የቀበሌውን ሰው ወይም ሚሊሻውን ሰላም ሳትሉ ድንኳን አትትከሉ። መታወቂያ ከኪስ አይጥፋ። ካልተመቸ ደግሞ ይቅር። መንገዱ የትም አይሄድም።

የሞተሩ ማደሪያ ብዙ ሰው የሚያሳስበው ጉዳይ ነው፤ እኔን አያሳስበኝም። ባለቤቶቹ ራሳቸው ከበረቱ አጠገብ ያስገቡታል። ደላንታ ላይ አባወራው ከኔ በፊት ስለ ሞተሩ ነው የጠየቁት፤ በሬዎቹን ጠጋ አድርገው ቦታ ሠሩለት። ቀለብ እንደሌለው ስነግራቸው «ይኼ ደግ ከብት ነው» አሉ።

አሁን በእጄ ያለው ድንኳን ርዝመቱም፣ የሚይዘው መሬትም ልኬ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ መረቡ ለደጋ ይበዛል። ደሴ የባጃጅ ሸራ ከሚሰፋ ወዳጄ ጋር እየመከርንበት ነው። መረቡ ላይ ከውስጥ በኩል በዚፕ የሚዘጋ ስስ ጨርቅ ሊሰፋበት ነው፤ ቆላ ሲወርድ ተጠቅልሎ ወደ ላይ የሚታሰር፣ ደጋ ሲወጣ የሚዘጋ። የቸገረን ዚፑ መረቡን ስቦ እንዳይቀድደው ነው። እሱ ጠርዙን በጥብጣብ ካጠናከርነው ይችላል ይላል። ከበልግ በፊት ካደረሰልኝ ጉጉፍቱ ላይ እፈትነዋለሁ።